ከሃያው ሁለት

«የዚህን ሰውዬ መቀመጫ እኔ ወግቼዋለሁ» አለች ማዳም ዜሊ፣ በቅጠል ጸበል ሬሳው ላይ እያርከፈከፈች። «በባርኔጣዬ መርፌ። ደንከርክ ላይ ሲታገል፣ በስድሳ አራት። እንዲህ ነበር የዘለለው!» የዝላዩን ከፍታ በቅጠሉ ስታሳይ ጸበሉ የሶላንዥ መነጽር ላይ ተረጨ።

ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጡት ለቀስተኞች መጀመሪያ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ አንዱ አላስችል ብሎት በሳቅ ፈነዳ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ሶላንዥ መነጽሯን አውልቃ በመሀረቧ ጠረገች። ስድሳ ዓመቷ ነው። ሠላሳ ሰባቱን የሩቤ ከተማን ልጆች ሰዋስው ስታስተምር ኖራለች፤ ተማሪ ሲሳሳት ከንፈሯ ዳር ብቅ የሚለው ቀጭን ፈገግታ አብሯት ጡረታ አልወጣም።

«ማዳም ዜሊ፣ ሬሳ ፊት እንዲህ አይባልም» አለች።

«ወግጂልኝ! እሱ ቢሰማ ደስ ይለዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ከዚህ ማዶ ለማዶ ጎረቤቴ ሲሆን አንድ ቀን አልተቀየመኝም። ‹የማዳም ዜሊ መርፌ ያልነካው የትግል ሰው አይባልም› ነበር የሚለው።» አሮጊቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ቡናው ላይ የጥድ አረቄ ጨምሪልኝ። ጠብታ አይደለም ያልኩሽ።»

ሶላንዥ ቀዳችላት። ገና የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ቀብሩ ከነገ ወዲያ። ሁለት ቀን ሙሉ እነዚህን ሰዎች ማስተናገድ አለባት፦ የፋብሪካ ጡረተኞችን፣ ባልቴቶችን፣ «አባትሽን ስንት ጊዜ ሰድቤዋለሁ!» ብለው እጇን የሚጨብጡትን። ለሟች ቤተሰብ ማጽናኛ ብለው ይዘውት የመጡት ይህንን ነው።

አባቷ ኦክታቭ ዴሎቤል ከሰኞ እስከ ዓርብ በሱፍ ፋብሪካው ማበጠሪያ ክፍል ይሠራ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ይታገላል። እዚያ መድረክ ላይ ስሙ ጌታ መምህር ነው። ጥቁር ካባ ደርቦ፣ ክብ መነጽር አድርጎ፣ ረጅም የእንጨት ማስመሪያ በብብቱ ሸጉጦ ይገባል። ሦስት ሺህ ሰው «ጸጥ!» ይላል። ዳኛውን እጁን አስዘርግቶ የጥፍሩን ንጽሕና ይመረምራል። ተጋጣሚው ጀርባውን ሲሰጠው በማስመሪያው ይሞሽልቀዋል፤ ዳኛው ዞር ሲል ማስመሪያው ካባው ውስጥ ገብቶ፣ ጌታ መምህር እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ እንደ ቅዱስ ሥዕል ቆሟል። ሕዝቡ ያብዳል። ጃንጥላ ይወረወራል፣ ምራቅ ይተፋል። በመጨረሻም አንድ መልከ መልካም ወጣት ተነሥቶ ይደቁሰዋል።

ሁልጊዜ ይደቆሳል። ቴሌቪዥን ከመጣ በኋላ ደግሞ መላው አገር እያየው።

ሶላንዥ ተማሪ ሳለች፣ ሰኞ ጠዋት ክፍል ስትገባ ሴቶቹ ልጆች ብድግ ብለው በአንድ ድምፅ «ጸጥ!» ይሏት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት አንድ ማታ አባቷ ድንች ሲልጥ አጠገቡ ቆመች።

«አባባ፣ አንድ ቀን እንኳ ለምን አታሸንፍም?»

ኦክታቭ ልጣጩን ሳይቆርጥ እያዞረ አሰበ። «እኔ ካሸነፍኩ ሰዉ ምን ይዞ ቤቱ ይገባል?» አላት።

የፈሪ መልስ መሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴሌቪዥኑ ትግል ሲያሳይ ጓሮ ትወጣለች፤ ቢዘንብም ትወጣለች። አድጋም መምህርት ሆነች፤ የምር መምህርት፣ ካባም ማስመሪያም የማያስፈልጋት።

ጡረታ ስትወጣ እናቷ ከሞተች ቆይታለች፤ አባቷም ደረጃ መውጣት አቅቶታል። ተመልሳ ገባች። እሱ ታች፣ እሷ ላይ። በዚያው ሰሞን የድሮዎቹ የትግል ስርጭቶች ከየመዝገብ ቤቱ እየወጡ ኢንተርኔት ላይ መለቀቅ ጀመሩ። ሶላንዥ አንዱን አየች፤ ከዚያ ሌላውን። ከዚያ «ቀይ ብዕር» በሚል ስም ስለ እያንዳንዱ ግጥሚያ ትጽፍ ጀመር፤ እንደ ፈተና ወረቀት ከሃያ እያረመች። ለምን እንደምትጽፍ ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ቆሻሻ የሚጠርግ ሰው ለምን ትጠርጋለህ አይባልም።

አራት መቶ ያህል ሽማግሌዎች ይከተሏታል፤ ይሰድቧታል፤ በሳምንቱ ተመልሰው ይመጣሉ። አባቷን ከሚደቁሱት መልከ መልካሞች አንዱ ስለነበረው ስለ ሬሞ ካስቴላኒ «ጥርስ አለው። ሌላ ነገር እንዳለው ማስረጃ አላገኘሁም» ብላ ጽፋለች። ማንንም አልማረችም፤ ለጌታ መምህር ግን ብዕሯን የበለጠ ትስላለች። «ይህ ሰውዬ ሰዋስው አያውቅም፤ መውደቅም አያውቅም። ዛሬ የወደቀው እንደ ድንች ጆንያ ነው፤ ጆንያ ግን ቢያንስ ውስጡ ድንች አለው። ከሃያው አራት።» የተቀረጹለት ግጥሚያዎች አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ከፍተኛው ውጤቱ ስድስት፣ ዝቅተኛው ሁለት።

በሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ሬሞ ካስቴላኒ ራሱ ከቱሎን በባቡር መጣ። ሰማንያ ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ጸጉሩን ግን ዛሬም ወርቅማ ያስቀባዋል። በከዘራው እየተደገፈ ሬሳው አጠገብ ደረሰና ግንባሩን ሳመው።

«ተነሥ እንጂ፣ አንተ አጭበርባሪ» አለው በሹክሹክታ። «ዳኛው ገና አልቆጠረም።»

ማዳም ዜሊ ደረቷን ይዛ ብድግ አለች። «ሙሲዬ ካስቴላኒ! በሕይወት ያሉ አልመሰለኝም ነበር!»

«እኔም ራሴ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ማዳም።»

ሶላንዥ ሁለቱንም ወደ ማድ ቤት ወሰደቻቸው። የስኳሩን ኬክ በቢላ እየለካች እኩል እኩል ትቆርጥ ጀመር። ማዳም ዜሊ ጠረጴዛውን በጣቷ ደበደበች።

«ያ ቀይ ብዕር የሚሉት ሰውዬ አሁን ምን ይጽፍ ይሆን? መቼም ሚስት የለውም። ሚስት ያለው ሰው እንዲህ አይመርም። ወይ ደግሞ ጨጓራው ነው።»

«ምናልባት ጥሩ ትግል ስለሚያውቅ ይሆናል» አለች ሶላንዥ ቀና ሳትል።

«ምን ያውቃል! ሐሙስ ሐሙስ ሳነብለት አባትሽ እንባው እስኪፈስ ይስቅ ነበር። የድንች ጆንያዋንማ ሦስት ጊዜ ነው ያስደገመኝ።»

ቢላዋ ኬኩ መሀል ቆመች። «ሐሙስ ካርታ ትጫወታላችሁ መስሎኝ።»

«ኦክታቭና ካርታ? ማጭበርበር እንኳ በቅጡ አይችልም!» ሳሎኑ በር ላይ አዲስ ለቀስተኛ ሲያንኳኳ ማዳም ዜሊ ኬኳን ይዛ ሄደች።

ሬሞ በከዘራው ጫፍ የማድ ቤቱን በር ገፍቶ ዘጋው። ፈገግታው አብሮ ተዘጋ።

«ለደንከርኩ ግጥሚያ፣ ለስድሳ ስድስቱ፣ ለእኔ ስንት ሰጠሽኝ? ዘጠኝ። ለእሱ ሁለት።»

ሶላንዥ ቢላዋን አስቀመጠች። ልትክድ አስባ ነበር፤ ነገር ግን መካድ የሰነፍ ተማሪ ሥራ ነው። «ማን ነገረዎት?»

«እሱ ነዋ። ባለፈው መስከረም ስለ ሌላ ግጥሚያ ስትጽፊ ‹የጓሮው መሰላል ከጣለው ወዲህ ግራ ጉልበቱን ይሳሳለታል› አልሽ። በዚያኑ ዕለት ደወለልኝ። ‹ሬሞ፣ ቀይ ብዕር ልጄ ናት› አለኝ። እንዴት አወቅህ ስለው፣ ‹የመሰላሉን ነገር የነገርኩት ለሚስቴና ለልጄ ብቻ ነው። ሚስቴ ደግሞ ሞታለች› አለኝ።»

«ቤት ውስጥ የምናውቀው ነገር ነው። ከመሰላል ወድቆ...»

«መሰላል የለም፣ ሶላንዥ።»

ሽማግሌው ወንበር ላይ በቀስታ ተቀመጠ። እሷ ቆማ ቀረች።

«በደንከርኩ ግጥሚያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ገመዱ ላይ አጉል ወድቄ ትከሻዬ ወለቀ። ቴሌቪዥኑ እየቀረጸ ነው። ተጎዳ ከተባልኩ አዘጋጁ በሳምንቱ ሌላ ቆንጆ ልጅ ያመጣል፤ ሚስቴ ደግሞ ልትወልድ ወሯ ነው። ኦክታቭ እጄን ሲይዝ ገባው። ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳልነካው ተደበደበልኝ። እኔ ጥርሴን እያሳየሁ ቆሜያለሁ፤ እሱ ራሱን ያነሣል፣ ራሱን ያፈርጣል። መጨረሻ ላይ በገመዱ አናት ራሱን ሲሚንቶው ላይ ወረወረ። ጉልበቱ የተሰነጠቀው ያኔ ነው። ሰኞ ፋብሪካ ገባ።»

«ለእኛ ለምን አልነገረንም?»

«ሙያው እኮ ያ ነው! ከታወቀ ምኑን ሙያ ሆነ?»

የሶላንዥ ከንፈር ዳር ያ ቀጭን ፈገግታ ሊመጣ ሞከረ። «እንግዲያው እርስዎ ዘጠኝ አይገባዎትም።»

«አንድም አይገባኝም!» ጠረጴዛውን መታ። «የሚቆጨኝ የእኔ አይደለም። እኛ ስንቱ ሰድቦናል። ግን አባትሽን የሰደበ ሰው ሁሉ ስድቡን እዚያው አዳራሽ ትቶ፣ ቀልሎት ቤቱ ይገባ ነበር። አንቺ ብቻ ነሽ ይዘሽው የገባሽ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አሳድገሽዋል። ንቀት እንዲህ ሲቀለብ አይቼ አላውቅም።»

ከሳሎኑ የማዳም ዜሊ ሳቅ ተሰማ። መርፌውን ለአዲሱ እንግዳ እያወራችለት ነበር።

«ተናዶ ነበር?» አለች ሶላንዥ።

«ተናዶ?» ሬሞ በንቀት አያት፤ ከዚያ ግን ዓይኑን ሰበረ። «ቢናደድ ደስ ባለኝ። ‹ልጅ ሳለች አንዷንም ግጥሚያዬን አላየችልኝም› አለኝ። ‹ሬሞ፣ አሥራ ዘጠኙንም አይታቸዋለች። አወዳደቄን እያንዳንዷን ቆጥራታለች። እንደሷ አድርጎ ያየኝ ሰው የለም።› እንዲህ ሲኮራ ሰምቼው አላውቅም። ‹ለመናገር ብትፈልግ እንኳ እንዳትነግራት› አለኝ፤ መጻፍ ታቆማለች ብሎ ፈርቶ። አሁን ግን ሞቷል፤ እኔም የሱን ያህል ደግ አይደለሁም።»

ከዘራውን ይዞ ተነሣ። ኬኩን አልነካውም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሶላንዥ ፎቅ ወጥታ የደንከርኩን ግጥሚያ ከፈተች። የአስተላላፊውን ጩኸት አጠፋችው። ከዚህ በፊት ስለዚህ ግጥሚያ የጻፈችውን በቃሏ ታውቀዋለች፦ «ጌታ መምህር አፉ አያርፍም። ወይ ይራገማል፣ ወይ ምሳውን ገና አልዋጠም።»

አሁን አፉን አየችው። በፈተና ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር መልስ የሚያቀብል ተማሪን ከንፈሩን ብቻ አይታ ሠላሳ ሰባት ዓመት ስትይዝ ኖራለች። ዓይኗ አልደነዘዘም።

«ቁም» ይላል አባቷ፣ ጀርባውን ለካሜራው ሊሰጥ ሲዞር። «በቀኝህ። አሁን።» ከዚያም ሬሞ በቀኝ መዳፉ አየሩን ሲነካ አባቷ ሁለት ሜትር ተወርውሮ ይወድቃል። የሬሞ ግራ እጅ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ግማሽ ክፍለ ዘመን ሙሉ ማንም አላየውም፤ ምክንያቱም ሁሉም የሚያየው የሚወድቀውን ነው። አባቷ በአራት እግሩ እየዳኸ መጥቶ የሬሞን እግር ያቅፋል፤ ምሕረት የሚለምን ይመስላል፤ ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። ከንፈሩ ግን «ፈገግ በል» ይላል። «ፈገግ በል፣ ልጄ፣ አላለቀም።»

ገመዱን አልፎ ሲሚንቶው ላይ የወደቀባትን ቅጽበት ሦስት ጊዜ መልሳ አየቻት። ስትጽፍ «የሰነፍ ሽሽት» ብላታለች።

አዲስ ገጽ ከፈተች። «እርማት» ብላ ጻፈች። ስንት ሺህ ልጅ ዓረፍተ ነገር ያስተማረች ሴት ከዚያች ቃል ቀጥሎ የሚመጣውን አጣችው። «ተሳስቻለሁ» ብትል አነሰባት፤ ሌላው ሁሉ ደግሞ ቀይ ብዕር የምትስቅበት ዓይነት ሆነባት። ከታች የቀብር አስፈጻሚዎቹ መድረሳቸውን ማዳም ዜሊ ተጣራች። ሶላንዥ ኮምፒውተሩን እንዳለ ትታው ወረደች።

ሬሳውን ሲያዘጋጅ የነበረው ሰው ቦታ ለቀቀላት። ጎልማሳ ነው፣ በሥራው የሚኮራ። የአባቷን ፊት ዱቄት ቀብቶታል፣ ሽበቱን በቅባት አበጥሮ በሁለቱም ጎን ወደ ታች አውርዶታል።

«ከመዘጋቱ በፊት ይዩዋቸው፣ ማዳም። ጆሮዎቻቸው ትንሽ አስቸግረውኝ ነበር፤ ግን ሸፍኛቸዋለሁ። አሁን ማንም ሰው ቢያያቸው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው የሚመስሉት።»

ሬሞ ከግድግዳው ጥግ ቀና አለ።

ሶላንዥ ትምህርት ቤት የተቀጠረች ዓመት አባቷ ክፍሏን ሊያይ መጥቶ ነበር። በሰኔ ሙቀት ባርኔጣውን ጆሮዎቹን እስኪሸፍን ደፍቶ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዳይሬክተሩ ሲገባም አላወለቀም። ዳይሬክተሩ በኋላ ያ ባለጌ ሰውዬ ማን ነው ብሎ ሲጠይቃት «ጎረቤታችን ነው» አለችው። አባቷ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር። ሰምቶ እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም።

«ማበጠሪያውን ይስጡኝ» አለች።

ሰውየው ግራ እየተጋባ ሰጣት። ሶላንዥ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብላ በግራ በኩል ያለውን ጸጉር ወደ ኋላ መለሰችው። ጆሮው ወጣ፤ ከትግል ብዛት አብጦ፣ ተጣጥፎ፣ ታኝኮ እንደተተፋ ሊጥ ሆኖ። ቀኙንም ገለጠችው። የቀኙ ጸጉር ግን በቅባቱ ጠንክሮ እምቢ አላት፤ በመለሰችው ቁጥር ተንሸራትቶ ይወርዳል። ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ጣቷን በምራቋ አርሳ ጸጉሩን ከተጣመመው ጆሮ ኋላ ሸጎጠችውና፣ ሰዎቹ ክዳኑን ይዘው እየጠበቋት፣ እስኪደርቅ በመዳፏ ያዘችው።