የዌስተኑ ቤት ጨረታ

ሐሴት እንደገና እጇን አወጣች።

"በርቺ ልጄ! ሴትዮዋ ደክማለች፤ አሁን ትተውልሻለች" አሏት ጋሽ ተሻገር በጆሮዋ።

የፍርድ አፈጻጸም መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ በሰው ቢሞላም ዋጋው እየናረ ሲሄድ አብዛኛው ተጫራች እጁን አጣጥፎ ተመልካች ሆኗል። የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፦ ሐሴትና ፊት ረድፍ ላይ ካፖርቷን ሳታወልቅ የተቀመጠች አንዲት ሽበታም ሴት። የሚሸጠው ዌስተን በሚባለው ሰፈር ያለ፣ ጓሮ ያለው ቤት ነው። ባለቤቱ ዕዳውን ባለመክፈሉ ተፈርዶበት ቤቱ ለሐራጅ ቀርቧል።

ሐሴት ከአገር ቤት ከመጣች ወዲህ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ናት። ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራይታ ትኖራለች። አሳንሰሩ በተበላሸ ቁጥር ትንሹን ልጅ አዝላ ያን ሁሉ ደረጃ ትወጣለች። ባለፈው ቅዳሜ የዌስተኑን ቤት ከመንገድ ማዶ ቆማ ካየችው ወዲህ ግን ልቧ እዚያው ቀርቷል። መጋረጃው ተዘግቶ ስለነበር ውስጡን አላየችም። እሷ ግን ልጆቿን ጓሮው ውስጥ አሯሩጣ፣ የባሏን የሥራ ዕቃ ጋራዡ ውስጥ ደርድራ ጨርሳለች።

ወሬውን ያመጡላት የአክስቷ ባል ጋሽ ተሻገር ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሊሞዚን ሲነዱ፣ ርካሽ ነገር የት እንደሚገኝ ሲያነፈንፉ የኖሩ ሰው ናቸው። "እንዲህ ያለ ዋጋ በሕልምሽም አታዪውም!" ብለው ነበር የቀሰቀሷት።

ሽበታሟ ሴት እጇን አወጣችና ለአጫራቹ አንድ ነገር ተናገረች። ስልክ መደወል ፈልጋ ኖሯል፤ አጫራቹም ለሁሉም አጭር ዕረፍት ሰጠ።

ሐሴት ኮሪደር ላይ ስልኳን ስታይ እዝራ ደጋግሞ ደውሎላታል። እዝራ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገና ጠበቃ ቢሮ የሚሠራ። የጨረታውን ማስታወቂያ ጠዋት ልካለት ነበር። መልሳ ደወለችለት።

"ሐሴት፣ ቢድ አድርገሻል እንዴ?"

"ሁለት ቀርተናል፣ እዝራ! ላሸንፍ ነው!"

"ዌይት፣ ዌይት። አንቺ ፒአር የለሽም፤ ገና ቋሚ ነዋሪ አይደለሽም። እንዳንቺ በሥራ ፈቃድ፣ ወርክ ፐርሚት ላይ ያለ ሰው ቤት ሲገዛ የዋጋውን ሩብ ያህል ኤክስትራ ታክስ አለ። ኦክሽን ነው ብለው አይተዉሽም።"

"ጋሽ ተሻገር በሳቸው ስም ይሁን ብለውኛል እኮ። እሳቸው ሲትዝን ናቸው።"

"ያ ደግሞ ይባስ ዎርስ ነው! ብሩ ያንቺ፣ ስሙ የሳቸው፤ ታክስ መሸሽ ነው የሚሉት። ፋይን አለው፤ ትቀጫለሽ። ደግሞ አጫራቾቹን አስክ አድርጊያቸው፤ የሚሸጡት ቤቱን ነው ወይስ የሰውዬውን ሼር ብቻ?"

ሐሴት ስልኩን ዘግታ ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ቦርሳዋ ውስጥ ለመያዣ ያዘጋጀችው የባንክ ድራፍት አለ፤ አሸንፋ ብታፈርስ አይመለስላትም። ሁሉም ሲቀመጥ እሷ ቆማ ቀረች።

"ይቅርታ፣ የሚሸጠው ሙሉ ቤቱ ነው?"

አጫራቹ ከወረቀቱ ላይ ቀና አለ። "የተፈረደበት ሰው ድርሻ ብቻ ነው። ግማሹ የሚስቱ ነው፤ እሷን አይመለከትም።"

"ውስጡ የሚኖር ሰው አለ?"

"አለ። እኛ ቁልፍ አናስረክብም። ከዚያ በኋላ ያለው የገዢው ጉዳይ ነው።"

ሽበታሟ ሴት ዞር ብላ አየቻት። ካፖርቷን አንገቷ ላይ ሰብሰብ አድርጋ መልሳ ወደ ፊት ዞረች። ሐሴት እነዚያን የተዘጉ መጋረጃዎች የዘጋው ማን እንደሆነ ያኔ ገባት።

"አትፍሪ" አሉ ጋሽ ተሻገር። "ግማሹን ከያዝን ሚስቲቱ ወይ የሷን ድርሻ ትሸጥልናለች፣ ወይ እንካሰሳለን።"

"እኔ እዚህ አገር ወረቀቴ ሳይደርስ ክስ ልጀምር፣ ጋሽ?"

ጨረታው ቀጠለ። ሴትዮዋ ቀጥ ብላ አዲስ ዋጋ ጠራች። ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ተሰበረ።

"የሚጨምር አለ?"

ሐሴት እጆቿን ጭኗ ሥር ደበቀች። አዳራሹ ሁሉ እሷን ያያል። አንድ ጊዜ ብቻ ብትጨምር ሴትዮዋ እንደምትወድቅ ታውቀዋለች። እጇም ያውቀዋል፤ ሊወጣ ይታገላታል።

"ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቃለሁ፤ የሚጨምር አለ?"

"እንግዲያው እኔው ራሴ!" አሉና ጋሽ ተሻገር ክንዳቸውን አነሡ።

ሐሴት ክንዳቸው ትከሻቸውን ሳያልፍ ቀለብ አድርጋ አወረደችው።

"ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ" አለች። አጫራቹ "ተሸጧል!" እስኪል ድረስም የአክስቷን ባል እጅ በሁለት እጆቿ አጥብቃ ይዛ ቆየች።