ቤታውና ወርቃማዎቹ ዓሦች

ባሌን በየነን ጥዬ ከወጣሁ በኋላ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር። "መታሽ?" አልመታኝም። "ይጠጣል?" አይጠጣም። "ሌላ ሴት ያዘ?" እኔ እስከማውቀው አልያዘም። "ታዲያ ምን ሆንሽ?" እዚህ ላይ ዝም እላለሁ። ዝም ስል ደግሞ፣ "አያችሁ፣ ጥፋቱ የራሷ ነው" ይባላል። ይበሉ።

ጃንሆይ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። ኮልፌ ማዞሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሻይና ዳቦ እሸጥ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋዬ፣ ከመጋረጃው ወዲህ ሁለት አግዳሚ ወንበርና የከሰል ምድጃዬ። ሰው ግን ለሻዬ ብቻ አይመጣም፤ ዓሦቼን ለማየትም ይመጣል። በዚያ ጊዜ በቤቱ ዓሣ የሚያኖር ኮልፌ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰምቼ አላውቅም።

የሰጡኝ ሚስተር ኩሪያን የሚባሉ ህንዳዊ አስተማሪ ናቸው። ምግብ አበስልላቸው ነበር። ኮንትራታቸው አልቆ ወደ አገራቸው ሲሄዱ አንድ የመስታወት ገንዳ ከነወርቃማ ዓሦቹ፣ አንድ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ደግሞ ከነነዋሪው አስረከቡኝ። የጠርሙሱ ዓሣ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ጅራቱ እንደ ሐር ሻሽ ይዘናፈላል፤ ብቻውን ነው የሚኖረው። ቤታ ይባላል አሉኝ።

"ዘመነች፣ ይሄ ሙቅ ውሃ፣ ያ ቀዝቃዛ ውሃ። አብሮ የለም።"

አማርኛቸው ይቺው ነበረች፤ ለእኔ ግን በቃችኝ። ገንዳውን በሩ አጠገብ ብርዱ ጋ፣ ጠርሙሱን ምድጃው አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አደረግሁ።

ደንበኞቼ ግን አልተዉኝም። "እትዬ ዘመነች፣ ወጥ ልትሠሪው ነው እንዴ ምድጃ ዳር ያስቀመጥሽው?" ይላል አንዱ። "ምስኪን! ምን አጥፍቶ ነው ለብቻው ያሰርሽው? ከጓደኞቹ ቀላቅይው እንጂ" ይላል ሌላው።

"ቀላቅይኝ ብሎ ላከህ? ሻይህን ጠጣ" እለዋለሁ።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሽማግሎች መጡ። አቶ ገረሱ የዕድራችን ዳኛ ናቸው፤ ከበየነ ጋር ስኖር ጎረቤታችን ነበሩ። ሐጂ ጀላል ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸው ከእኔ ቤት ቀጥሎ ነው። ከኋላቸው በየነ ገባ። ከበየነ ኋላ ደግሞ አንድ ኩሊ የበየነን ሳጥን ተሸክሞ ደፉ ላይ ቆመ። ለካ የነበርንበትን ቤት ለቆታል! ለእርቅ ሳይሆን ሊገባ ነው የመጣው። እሺ ማለቴን እኔ ሳልሰማ ጨርሰውታል።

ሻይ ቀዳሁላቸው። አቶ ገረሱ ብርጭቆውን በጣታቸው ገፋ አደረጉት።

"እሺ በይንና እንቀምሳለን።"

"እምቢ ካልኩስ?"

"ሳንቀምስ ወጣን ማለት ነዋ። ሽማግሌ ከቤትሽ ጦሙን ይወጣል፤ ትችይዋለሽ?" አሉና ተመቻችተው ተቀመጡ። "ስሚ ልጄ፤ አሥር ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል። አንድ ቀን ከቤታችሁ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቀን! እንዲህ ያለ ሰላማዊ ቤት ይፈርሳል?"

"እውነትዎን ነው፤ ጩኸት አልነበረም።"

"ታዲያ ምን ጎደለ?"

የዚያን ቀን ተናገርኩት። "ጋሽ ገረሱ፣ የእናቴ መርዶ የመጣ ዕለት እሱ ከሥራ ገባ። መሬት ላይ ተዘርግቼ ሳለቅስ አየኝ። 'እራት ደርሷል?' አለኝ። ተነስቼ አቀረብኩለት፤ በላ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። በነጋታውም ምነው አላለኝም፤ እስከ ዛሬም አላለኝም።"

ሐጂ ጀላል መሬት መሬቱን አዩ።

"ርቦኝ ነበራ" አለ በየነ።

"ወንድ ሐዘን አያውቅበትም" አሉ አቶ ገረሱ። "በዚህ ትዳር ይፈርሳል? በይ ይቅር በይው።"

በየነ ተነስቶ ምድጃው ጋ ሄደ። "አባቶች፣ ተመልከቱልኝ። እሷ እንኳን ከእኔ ጋር ልትኖር፣ ዓሣ ከዓሣ ጋር ሲኖር አትወድም" አለ። ሳልደርስበት ጠርሙሱን አንስቶ፣ ከነውሃው ከነዓሣው ገንዳው ውስጥ ገለበጠው። "ይኸው! ሞቱ?"

ቤታው ክንፉን ዘርግቶ ወዲያ ወዲህ አለ። ወርቃማዎቹ ሸሹት፤ ከዚያ ተመልሰው መጡ። ጠብ የለም። አቶ ገረሱ ጉልበታቸውን መቱ።

"ተመልከቺ! ተመልከቺ ዘመነች! አንድ ንክሻ አለ? እግዜር በዓሣ አሳየሽ እኮ!"

ቤታው ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። ጥግ ይዞ ጅራቱን አጠፈ። ያ ሰማያዊው ደበዘዘና አመድ መሰለ። አንዱ ወርቃማ መጥቶ ጅራቱን ለቀም ለቀም አደረገው፤ ቤታው አልተነቃነቀም።

"ለመደ" አለ በየነ።

ይቺ ቃል አናቴ ላይ ወጣች።

"አልለመደም። በረደው።"

እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን እስከ ክርኔ ነከርኩት። ውሃው አጥንት ይሰብራል። የሻይ ማጥለያዬን ከሥሩ አስገብቼ አወጣሁት። ጠርሙሱን ከገንዳው ሞልቼ፣ ከማንቆርቆሪያው ትንሽ ትንሽ ሙቅ ውሃ እየጨመርኩ፣ የሕፃን ገላ መታጠቢያ እስኪመስል በጣቴ ለካሁና ዓሣውን ለቀቅኩት። በጎኑ ተኛ። ጉንጩ ብቻ ከፈት ከደን ይላል።

"ምን አስቸኮለሽ?" አሉ አቶ ገረሱ። "ትንሽ ብትታገሺ ይላመዱ ነበር። አልሞተም እኮ!"

"ካልሞተ አያምኑኝም ማለት ነው?"

"ስለ ዓሣ ነው እኮ የማወራው።"

"ስለ ዓሣው መለስኩልዎት። ስለ እኔ ከሆነም እምቢ። ሳጥኑ ከዚህ ደፍ አያልፍም።"

አቶ ገረሱ ብድግ አሉ፤ ፊታቸው በርበሬ መስሏል። "ሽማግሌ የረገጠች ሴት! ነገ ስትሞቺ ማን ይቀብርሻል?"

"ቀባሪ ካጣሁ ማዞሪያው ላይ ይተዉኝ ጋሽ ገረሱ። መኪና ማለፊያ ሲያጣ መንግሥት መጥቶ ያነሳኛል።"

ኩሊው ሳቁን አፍኖ ፊቱን አዞረ። በዚህ መሀል ሐጂ ጀላል እጃቸውን ሰደው ብርጭቋቸውን አነሱና ሻዩን ፉት አሉት።

"ሐጂ! ምን ማድረግዎ ነው?" አሉ አቶ ገረሱ።

"እየቀመስኩ ነዋ።"

"እሺ አላለችም እኮ!"

"እምቢ ብላለች። ሰማሁ፤ ጆሮዬ ገና አልደነቆረም።" እስከ አተላው ጠጥተው ብርጭቆውን አኖሩ። "ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ገረሱ፣ እንሂድ።"

አቶ ገረሱ ስሜን እየጠሩ እየረገሙኝ ወጡ። ኩሊው፣ "እመቤቴ፣ ሳጥኑስ?" አለኝ።

"ወደመጣህበት። ባለቤቱ መንገዱን ያሳይሃል።"

በየነ ብቻ በሩ ላይ ቀረ። ዝናቡን አየ፤ እኔን አየ። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም።

"ዘመነች፣ ዝናቡ እስኪያባራ ልቀመጥ?" አለ፤ ድምፁ ለስልሶ።

አልዋሽም፣ አሳዘነኝ። ግን የነሐሴ ዝናብ መቼ እንደሚያባራ ሁለታችንም እናውቃለን። ከምስማሩ ላይ ጃንጥላዬን አወረድኩና ሰጠሁት።

"ነገ እመልስልሻለሁ።"

"አትመልሰው። ያንተ ይሁን" አልኩትና በሩን ዘጋሁ።