ገረዲቱ ለምን አለቀሰች

አባቴ አቶ ቢምረው መጽሐፍ እንዲህ አድርገው እንደሚመረምሩ ባውቅ ኖሮ ራዲዮናቸውን ከፍቼላቸው እገላገል ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ፣ እዚህ እስራኤል፣ ናታኒያ ከተማ፣ ፖሌግ ሰፈር ካለው ሥራዬ ስወጣ ኤይን ሀትኽሌት ሰፈር ቤታቸው እየሄድሁ፣ በልጅነቴ የወደድሁትን አንድ የታወቀ የመርማሪ ታሪክ ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነብላቸዋለሁ። ጎረቤታችን እትየ ትሁኔም የሚለቅሙትን ምስር ይዘው እየመጡ ያዳምጣሉ።

ታሪኩ ቀላል ነው። በረዶ አገር ውስጥ አንድ ጌታ ከእህቱና ከገረዳቸው ጋር በትልቅ ቤት ይኖራል። መጀመሪያ እህትየዋ አልጋዋ ላይ ሞታ ትገኛለች፤ ቀጥሎ ጌትየው ተመርዞ ይሞታል፤ ባርኔጣ የማያወልቅ መርማሪ መጥቶ ገዳዩን ይፈልጋል። እኔ ግን እህትየዋ የምትሞትበት ገጽ ላይ ስደርስ «በባቡር ወደ ከተማ ሄደች» አልሁና ገጹን ገለበጥሁት።

ምክንያቱም የአባቴ እህት ጠጅቱ ጎንደር ውስጥ ከፋሲካ በፊት ሞታለች፤ አባቴ ደግሞ አያውቁም። ወንድሜ ያኮቭ «ላሃጽ ዳም አለባቸው፣ ደማቸው ከፍ ይላል። የዓይናቸው ኒቱዋህ ይለፍ፤ ሐኪሙ ከቀደዳቸው በኋላ ሲያገግሙ ሽማግሌ ሰብስበን እናረዳቸዋለን» አለ። መርዶ ወግ አለው። ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው እንጂ ልጅ ብቻዋን ተነሥታ አታረዳም። እኔም በዚህ ወግ ተከልዬ ተቀመጥሁ።

ዝም ብዬ በተቀመጥሁ ደግ ነበር። አባቴ ወደዚህ ሲመጡ ጠጅቱን «የመምጫ ተራሽ ሲደርስ እኔው መጥቼ እወስድሻለሁ» ብለዋት ነበር፤ አልሄዱም። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ስልኬን አስከፍተው «እህቴ፣ ትቼሽ መጣሁ፣ ይቅር በይኝ» ብለው በድምፃቸው መልእክት ቀዱና «ይችን ሆዳዓ ላኪልኝ» አሉኝ። ለማን ልላከው? አጠፋሁት። ከዚያ በየቀኑ «መለሰች ወይ?» ሆነ። ኔትወርክ የለም አልሁ፤ ስልኳ ተበላሽቷል አልሁ። ሲጨንቀኝ «ደወለች አባባ፤ ‹ምን ይቅርታ አለብህ፣ ድሮ ይቅር ብየሃለሁ› አለች» አልኋቸው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አመሰገኑ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ለቅቄ አለቀስሁ። ይህ ከሆነ ወር አልፎታል፤ አባቴ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፣ እኔን አይወስደኝም።

አባቴ ደግሞ በአገራቸው አውጫጭኝ የመሩ ሰው ናቸው። ከብት ሲሰረቅ አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪወጣ ድረስ የሚጠያየቅበት ሸንጎ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቀዳዳ የበዛበት ታሪክ ይዞ መቅረብ ድፍረት ነው።

«ቆይ ማናለሽ» አሉኝ አንድ ቀን ሳነብላቸው። «እህትየዋ በባቡር ሄደች አልሽ። ምርኩዟ ግን አልጋዋ አጠገብ አለ ብለሽ አንብበሻል። በዚያ በረዶ ያለ ምርኩዝ ትሄዳለች?»

«ረስታው ይሆናላ።»

«ምርኩዝ ይረሳል እንዴ? እኔ ረስቼው አውቃለሁ?»

እትየ ትሁኔ ምስራቸው ላይ አቀረቀሩ። እሳቸውም ያውቃሉ። ናታኒያ ያለ የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ከአባቴ በቀር።

«ገረዲቱስ? የሴትዮዋን ክፍል በጠረገች ቁጥር ታለቅሳለች። መንገድ ለሄደ ሰው እንዲህ ይለቀሳል?»

«ትወዳት ነበራ።»

«ጥቁር ለብሳ?»

ጥቁሩን ሳላስብ ነበር ያነበብሁት። ተናደድሁ፤ በራሴ መናደድ ሲገባኝ በሌላው ላይ ዞርሁ። «እንግዲህ ደራሲው አይችልበትም፣ እኔ ምን ላድርግ!» ብዬ ጮህሁ።

«ተረት አይደለም ወይ፣ አያ ቢምረው» አሉ እትየ ትሁኔ። «ምን ያደርቅዎታል?»

«ደራሲውስ ይችልበታል» አሉ አባቴ ቀስ ብለው። «ያ ባለ ባርኔጣ የወደቀ መርፌ አያልፍም። እንዲህ ያለ ሰው ‹ሴትዮዋ የት ሄደች?› ሳይል ይቀራል? እሱስ ጠይቋል። ያለፍሽው አንቺ ነሽ። ሞታለች፣ አይደለም?»

«ሞታለች፣ አባባ።»

«ጌትየው ተመርዞ ሲሞት አረፋውን ሳይቀር አንብበሽልኛል። ወንድም ሲሞት ያልከበደሽ፣ እህት ስትሞት ለምን ከበደሽ?»

እትየ ትሁኔ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቀጠቁት፤ ልቅሶው ግን አመለጣቸው። አባቴ ወደ ድምፁ ዞሩ።

«ጠጅቱ?» አሉ።

ሽማግሌ የለ፣ ጎህ አልቀደደ፣ ያኮቭ የለ። «አዎ» አልሁ።

ከወንበራቸው ወርደው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እኔም አብሬ ወረድሁ። ደረታቸውን እየመቱ ስሟን ጠሩ፣ እንደገና ጠሩ። ከዚያ እንባቸውን ሳይጠርጉ «መቼ?» አሉኝ።

እውነቱን ብናገር ይቅርታው አብሮ ይሞታል። የሞተ ሰው ስልክ አይደውልም፤ ይህን ለማወቅ አውጫጭኝ መምራት አያሻም። እትየ ትሁኔ ትኩር ብለው አዩኝ።

«ባለፈው ሳምንት» አልሁ።

አባቴ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ያን ሁሉ ቀዳዳ ያገኙ ሰው ይችን አላገኟትም፤ ወይም አልፈለጓትም። እጄን ፈልገው ያዙና ሳሙት። «ሳትሞት ይቅር አለችኝ! አንቺ ባታደርሽልኝ ምን ይውጠኝ ነበር? ተባረኪ ልጄ። እንግዲህ ሰባቱን ቀን እቀመጥላታለሁ። በየዓመቱም አዝካራዋን፣ የሙት መታሰቢያዋን፣ ባረፈችባት ቀን አንቺ ታስታውሽኛለሽ።»

«እሺ አባባ» አልሁ።

እትየ ትሁኔ ተነሥተው፣ ለለቅሶው ሰው ወንበር ሊለምኑ ወደ ጎረቤት ወጡ። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ ያኮቭ ዘንድ ደወልሁ።

«አባባ ሰሙ» አልሁት። «ለሚመጣው ሰው ሁሉ ንገር፤ ያረፈችው ባለፈው ሳምንት ነው።»

«ለሁሉም?» አለኝ።

«ለሁሉም» አልሁት።