ደረቅ ብቻ

አንኮበር ላይ ጫካ እንዲጠብቅ ለተሾመው ለዘርአ ዳዊት የተሰጠው ትእዛዝ አጭር ነበር፤ «እርጥብ የቆረጠ ይገረፍ፤ ደረቅ የፈለገ ይውሰድ።» እሱም እንደ ዳዊት በቃሉ ይደግመዋል።

ክረምቱ ደጋግሞ ሲከዳ ጥዱም ወይራውም እንደቆመ ይደርቅ ጀመር። የአቅራቢያው የጎረቤላ መንደር ሰው ምሳሩን ይዞ መጣ፤ ያልደረቀውንም ቅርፊቱን እየላጠ አደረቀው። ዘርአ ዳዊት ግንዱን ሁሉ በጥፍሩ እየፋቀ፣ «ደረቅ ነው፤ ቁረጥ» ይላል። ምንጩ ነጥፎ አገር ሲጮህም፣ «ስለ ውሃ የታዘዝኩት የለም» አለ።

ዝናቡ ሲመለስ የጠበቀው ገላጣ ተራራ ነበር፤ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ወረደ። ዘርአ ዳዊት ጦሩን ተደግፎ አሁንም ይጠብቃል። ሚስቱ አስካለማርያም ጭራሮ ፍለጋ ተራራውን ስትዞር ውላ፣ ባዶ እጇን ፊቱ ቆመች።

«ከዚህ ጫካ የተረፈ ደረቅ አንተ ብቻ ነህ» አለችው፤ «ና፣ ልማግድህ!»