ጃንጥላው የሸበተበት ጧት

ርብቃ ከስማዳ ቆላ ወደ ንፋስ መውጫ የመጣችው ነርስ እናቷ ስለተዛወረች ነው። ቆላ የለመደ ገላዋ ደጋውን አልወደደውም፤ ሁልጊዜ ጧት ብርድ ልብሷን ተከናንባ እንደ መነኩሲት ነበር የምትወጣው። አንድ የኅዳር ጧት በሩን ብትከፍት የግቢው ሣር ነጭ ሆኖ ጠበቃት። ጨው ማን በተነው ብላ ጎንበስ አለችና በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። ጨው ጨው አይልም፤ ምላሷን ቆንጠጥ አድርጎ ውሃ ሆነ።

የአከራያቸው የቄስ እንየው የልጅ ልጅ ያሬድ አይቷት ኖሮ በሳቅ ፈረሰ። አመዳይ እንደሚባል፣ ሌሊት እንደ ዝናብ ከሰማይ እንደሚወርድ፣ በጋይንት ምድር ይህን የማታውቅ እሷ ብቻ እንደሆነች ነገራት። ርብቃ ደግሞ እልኸኛ ናት፤ ሲወርድ አይቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። አላየም። ይወርዳል አይወርድም ብለው ተወራረዱ፤ የተሸነፈ የሌላውን ቦርሳ ትምህርት ቤት ድረስ ሊሸከም።

ማታ ያሬድ የአያቱን ጥቁር ጃንጥላ ሳያስፈቅድ አውጥቶ ሣሩ ላይ ዘረጋው። ከተማው ከስሙ ጋር የተጣላ ይመስል ያን ሌሊት ነፋስ የሚባል አልነበረም። ሲነጋ የጃንጥላው አናት ነጭ፣ ከሥሩ ያለው ሣር ግን አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። ያሬድ ከሰማይ ባይወርድ ኖሮ ከሥሩም ነጭ ይሆን ነበር አለና ቦርሳውን አሸከማት። ርብቃ እንባዋ ቀረብ ቀረብ አለ።

በዚህ መሐል ቄስ እንየው ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ወጥተው ጃንጥላቸውን አገኙት። አገላብጠው አዩትና፣ «ይህን ምስኪን ማን አሸበተው?» አሉ። ልጆቹ በሩ ኋላ ተሸሸጉ።

ወደ ሥራ ልትሄድ የተነሣችው የርብቃ እናት ነገሩን ሰምታ ያሬድን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ የባለ ሱቁ ማቀዝቀዣ ውስጡ በአመዳይ ሲሸፈን አይቶ እንደሆነ።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ እዚያ ውስጥ ማን ያዘንባል?»

እሷም ነገሩን አስረዳቻቸው። አየሩ ለዓይን የማይታይ ውሃ ይዟል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱና ሣሩ ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ ይለቃሉ። ሣሩ እጅግ ሲቀዘቅዝ የነካው የአየር ውሃ ጤዛ መሆኑ ይቀርና እዚያው ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገራል። ከጃንጥላው ሥር ያለው ሣር የተረፈው ጃንጥላው እንደ ጋቢ ሙቀቱን ስለያዘለት ነው። ደመናም ለምድር እንደዚያው ነው።

ያሬድ ቦርሳውን ከርብቃ ትከሻ አወረደና የሷንም ደረበበት።

ርብቃ ግን በዚህ አልረካችም። አመዳይ የሚይዘው የትኛውን እንደሆነ ልታይ ማታውን ትሪ፣ የድስት ክዳንና የገዛ ጫማዋን ሳይቀር ደጅ ደረደረች። ሌሊቱን ሰማዩ ደመና ለብሶ ስላደረ ጧት አንዱም ላይ አመዳይ አልነበረም። አኩርፋ ቄስ እንየው ዘንድ ሄደች።

«አባ፣ ደመናው እንዲገለጥ ቢጸልዩልን?»

ቄስ እንየው ከቤቱ ኋላ ያለውን ማሳ ተመለከቱ። «ልጄ፣ ባቄላዬ ገና እሸት ነው፤ አመዳይ ካገኘው አለቀለት። እኔ የምጸልየው ደመናው እንዲሰነብት ነው።»

ርብቃ ጥቂት አሰበችና፣ ደመናው ባቄላው ላይ ብቻ ሆኖ ግቢው ቢገለጥስ ስትል ተደራደረች። ቄስ እንየው እየሳቁ ልመናዋን እንደሚያደርሱላት፣ ለመልሱ ግን ዋስ እንደማይሆኑ ነገሯት።