አርባ አንደኛው መጽሐፍ

«አውቶቡሱን ክላፋም ላይ ያቆምና ‹በስተቀኝ የምታዩት የክላራ ዊንስሌድ ቤት ነው› ይላል። ሥራ የረፈደበት ተሳፋሪ ይቁነጠነጣል፤ እሱ ምን ቸገረው» አሉ ጋሽ ደረጄ።

ለቀስተኛው ሳቀ። ከሟቹ ከሸረፈዲን ጋር ለንደን ውስጥ ሃያ ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል። የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። የሟች ልጅ ሪሐብ፣ ዌምብሊ ባለው የአባቷ ሳሎን ሻይ ታዞራለች። እስካሁን አላለቀሰችም፤ አልሳቀችምም።

ክላራ ማን እንደሆነች ለማያውቁት ጋሽ ደረጄ አስረዱ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የነበረች የልጆች ደራሲ ናት። ታማ ከአስተማሪነት ስትወጣ፣ የሟች ወንድሟን ልጆች ለማሳደግ መጻፍ ጀመረች። አሳታሚው የሴት ስም አይሸጥም ብሎ በወንድሟ ስም አተመላት። ስምንት መጽሐፍ እስኪወጣ ዝም አለች። ዘጠነኛው በየሳምንቱ በመጽሔት ሲወጣ ግን ስሜ ካልወጣ ብላ የመጨረሻውን ምዕራፍ ደበቀችው። ልጆች በደብዳቤ ሲያጨናንቁት አሳታሚው እጁን ሰጠ። ከዚያ ወዲያ በገዛ ስሟ ጻፈች፤ ስትሞት መጽሐፎቿ አርባ ሞልተው ነበር።

ሸረፈዲን በስደት በመጣ ሰሞን አንዱን መጽሐፏን አውቶቡስ ወንበር ላይ ተረስቶ አገኘው። እንግሊዝኛ የለመደው በእሱ ነው። ሌሎቹንም ፈልጎ አነበበ፤ ለሪሐብ በአማርኛ ይተርክላት ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ማርጋሬት የሚባሉ አሮጊት እንግሊዛዊት ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። የክላራ አንባቢዎች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ሐዘናቸውን ከገለጹ በኋላ እያመነቱ ስለ አንድ መጽሐፍ ጠየቁ። ሸረፈዲን ማኅበሩ ውስጥ ንግግር ሲያደርግ ማንም ስለማያውቀው የክላራ አርባ አንደኛ መጽሐፍ አውርቶ ነበር። በታሪኩ አባቷ የታመመባት ልጅ የፈረስ ጋሪውን ራሷ ነድታ ሰፈርተኛውን ሁሉ ባሕር ልታሳይ ትነሳለች። ማኅበሩ ሁለት ዓመት ቤተ መጻሕፍቱን ሁሉ ሲያስስ ከረመ።

«በመጨረሻ እሱኑ ብንጠይቀው ልጄ ዘንድ አለ አለን» አሉ።

ሪሐብ ትሪውን አስቀመጠች። «ፈረሱ ካልተዘፈነለት አይሄድም?»

«አዎ። አንብበሽዋል ማለት ነው?»

«ዘፈኑን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመቴ ነበር። መጽሐፉን አባባ ነው የፈጠረው።»

ማርጋሬት አፋቸውን በእጃቸው ከድነው ሳቁ። ሪሐብም ሳቀች፤ ሳቁ መሀል እንባዋ መጣ፣ አልከለከለችውም።

«ታዲያ ባሕሩ ጋ ደረሱ?» አሉ ማርጋሬት።

«አላውቅም። ሁልጊዜ ሳይደርሱ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።»

ጋሽ ደረጄ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ሪሐብ ተቀመጠች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ፣ የፈረስ ጋሪ ልጓም እንደያዘ ሰው ጨበጥ አደረገቻቸው።