የተደፈነው መውረጃ

"የውሃ መውረጃው በዚህ በኩል ነው" አሉ አዛውንቱ፣ ጣታቸውን ወደ ደረጃው ቀስረው።

ግንበኛው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጣሪያው ላይ በተኛው ውሃ ውስጥ ወደተባለው ጥግ ሄደ። ጎንበስ ብሎ ዳበሰ። ምንም የለም። ቅድም በልብስ ማስጫው በኩል ነው ብለውት ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በጎረቤቱ ግድግዳ በኩል። ከሁለቱም ባዶ እጁን ተመልሷል። ግን አላጉረመረመም። ሙያውን ያስተማሩት እኚሁ ሰው ናቸው።

ልጃቸው ግራ ገብቷታል። አባቷ ይህን ቤት በገዛ እጃቸው ከሠሩት ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ጠፍጣፋው ጣሪያ ውሃ ቋጥሮ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ኩሬ ሆኖ ቀረ። ከትናንት በስቲያ ከመኝታ ቤቱ ጣሪያ የራሰ ልስን ተገምሶ የልጇ ትራስ ላይ ወደቀ፤ ደግነቱ ልጁ ትምህርት ቤት ነበር። ዛሬ ከምትሠራበት ፋርማሲ ፈቃድ ጠይቃ ቀረች። በልጅነቷ እዚህ ላይ ስትጫወት ውሃው እየተንቆረቆረ ሲወርድ ትዝ ይላታል። በየት በኩል እንደነበር ግን እሷም ጠፋባት። አባቷ ጥግ በለዋወጡ ቁጥር የእሷም ትዝታ አብሮ ይዞራል።

"ግድ የለም፣ ጋሼ" አለ ግንበኛው፤ "ጣሪያው ራሱ ይንገረን።"

ሲባጎ ወጥሮ፣ ውሃ ልኩን እያስጠጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ። ዝቅታው ወደ ውሃ ታንከሩ ጥግ ነበር። እዚያ እጁን ሰዶ ሲዳብስ ቀዳዳ ሳይሆን ከሌላው የለሰለሰ ሲሚንቶ አገኘ። በመሮ ፈነቀለው። ከሥሩ የተወተፈ ፌስታል ነበር፤ ጎትቶ ሲያወጣው ውሃው እየተንደቀደቀ ቱቦው ውስጥ ገባ።

አባቷ የሲሚንቶውን ስባሪ አንስተው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"ማን ነው የደፈነው?" አሉ። "ቦታው አይደለም እንጂ ሥራው ግሩም ነው። እጁ የለመደ ሰው ነው።"

ግንበኛው ቀና ብሎ ወደ ልጃቸው አየና ዓይኑን መለሰ። ያን ጊዜ ገባት። ክረምቱ ሊገባ ሲል አባቷ በቱቦው አይጥ ይገባል እያሉ ሰንብተው ነበር። አንድ ቀን ጫማቸው ሲሚንቶ ለብሶ ሲወርዱ ምንጣፉን አበላሸህ ብላ ተቆጣቻቸው እንጂ ምን ስትሠራ ዋልክ አላለቻቸውም።

አላውቅም ልትል ነበር፤ አፏ እምቢ አላት።

"አንተ ነህ፣ አባዬ። አይጥ እንዳይገባ ብለህ።"

"እኔ?" ስባሪውን ገልብጠው አዩት፤ እንደገና ገለበጡት። "ክረምት ሊገባ ሲል መውረጃ ደፈንኩ?"

ስባሪውን እንደያዙ ከቱቦው አጠገብ ቁጢጥ አሉ፤ ውሃው እስኪያልቅም አልተነሱም።

በኋላ ግንበኛው የቱቦውን አፍ ሊለስን ሲሚንቶ እያቦካ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጣሪያውን በር ቁልፍ እሷ ብትይዘው እንደሚሻል፣ የአባቷን የሥራ ዕቃም ከዓይናቸው ብታርቀው ደግ እንደሆነ ነገራት። እውነቱን ነው። ቁልፉን ከበሩ ነቅላ ኪሷ ከተተችው።

አባቷ ግን ከቱቦው አጠገብ ቁጢጥ እንዳሉ ነበሩ፤ ጣታቸው የተፈነቀለውን ጠርዝ ይከተላል።

"የልስን ማንኪያውን ለአባዬ ስጠው" አለችው ግንበኛውን። "ጠርዙን እሱ ይጨርሰው።"

አንድ ባዶ ባልዲ ገልብጣ አጠገባቸው ተቀመጠችበት።